ሽማግሌ ሲቀመጥ አይተሃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አማተር የቴአትር ቡድን ውስጥ እጫወታለሁ። በአዲሱ ተውኔታችን የ70 ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ቃሌን እንደ ውኃ ጠጥቼዋለሁ። ጎንበስ እላለሁ፣ እጄንም አንቀጠቅጣለሁ፤ አዘጋጁ ግን «አፍህ ደርሷል፣ ሰውነትህ ገና መንገድ ላይ ነው» ይለኛል። ምን ይሻለኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አዘጋጅህ ልክ ነው፣ መፍትሔውን ሳይነግርህ መተዉ ግን ደስ አይልም። መጀመሪያ መንቀጥቀጡን ተው። ወጣት ተዋናይ ሽማግሌ ሁን ሲሉት እርጅናን ለማሳየት ይሯሯጣል፤ ሽማግሌው ራሱ ግን የሚታገለው እርጅናውን ለመደበቅ ነው። እስቲ ሰፈርህ ያሉ አንድ አባት ሲቀመጡ ልብ በል። እጃቸው አስቀድሞ መደገፊያውን ይፈልጋል፣ እግራቸው ከኋላ ወንበሩን መንካቱን ያረጋግጣሉ፣ ቀስ እያሉ ይወርዱና መጨረሻ ላይ ዱብ ይላሉ። ሲነሱ ደግሞ ወዲያው አይራመዱም፤ እግራቸው እስኪጸና ትንሽ ቆም ይላሉ። እሷን ቆም ማለት በትክክል ከያዝካት ጎንበስ ማለቱም ላያስፈልግህ ይችላል።

ሰውየው ማነው? ይሄም ሰውነት ላይ መታየት አለበት። ባላባት የነበረ ሰው በምርኩዙ ያዛል፣ ይጠቁማል፤ ጭሰኛ የነበረው ይደገፍበታል። ሸማውን አደግድጎ የቆመ ሰው ደግሞ ቃል ሳይተነፍስ ከፊቱ ጌታ እንዳለ ያስታውቃል።

ዝም ማለትንም አትፍራ። ተዋናይቷ ሄለነ ቫይገል በ1949 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት በብሬሽት ተውኔት እናት ኩራዥ የምትባለውን ገጸ ባሕርይ ስትጫወት፣ ልጇ የተረሸነበትን ተኩስ ስትሰማ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ አፏን በረገደችው፤ ድምፅ ግን አላወጣችም። ትንሽ ቆይቶ ሬሳውን አምጥተው ታውቂዋለሽ ወይ ሲሏት፣ ራሷን እንዳታጋልጥ አላውቀውም ማለት አለባት። ፊልም ቢሆን ዓይኗ ብቻ ይበቃ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ግን የመጨረሻው ረድፍ ዓይንህን አያየውም፣ የሚያየው አንገትና ትከሻህን ነው።

ስለዚህ አንድ ጓደኛህን እዚያ ኋላ አስቀምጥና ትዕይንቱን ያለ ቃል ተጫወትለት። ሰውየው ማን እንደሆነና ማንን እንደሚፈራ ከገባው ቃሉን መልሰህ ጨምር።

ደግሞ ከልምምድ በፊት ሰውነትህን አሟሙቅ፣ ወገብ ቀልድ አያውቅም። መጎንበስ የግድ ከሆነም ከዳሌህ እጠፍ፤ ደረትህ ከታፈነ ድምፅህም አብሮ ይታፈናል።