ጠይቁን፦ ተማሪዎች የሚሸልሙት ፊልም

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ በየዓመቱ ተማሪዎች የወደዱትን ፊልም ሊሸልም ነው። አምና እጅ በማውጣት ስናስመርጥ ጭቅጭቅ ተነሣ። ምን ይሻላል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እጅ ማውጣት ይቅር። ልጅ ጓደኛውን አይቶ ነው እጁን የሚያወጣው። ከዚያ የባሰው ግን ያላየውን ፊልም ሰው መምረጡ ነው። የአውሮፓ ፊልም አካዳሚ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የወጣት ተመልካቾች ሽልማት ይህን በቀላሉ ፈትቶታል፤ ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች በየከተማቸው በአንድ ቀን ሦስቱንም ዕጩ ፊልሞች አይተው እዚያው ድምፅ ይሰጣሉ።

እናንተም ለእያንዳንዱ ተማሪ ካርድ ስጡ፤ ፊልሙ ሲያልቅ በር ላይ ማኅተም ይመታበት። ሦስት ማኅተም የሌለው የድምፅ ወረቀት አያገኝም። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ፊልም ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጥ። አንዳንዱ ነጥብ ሳይሞላ ሊተው ስለሚችል ድምሩን ሳይሆን አማካዩን ውሰዱ። እኩል ከወጡ ብዙ 5 ያገኘው ያሸንፍ።

ቅደም ተከተሉ ያዳላል፦ መጨረሻ የታየው ትኩስ ሆኖ ይቀራል፣ ከምሳ በኋላ የሚታየው ደግሞ እንቅልፍ ይጠብቀዋል። ተማሪዎቹን በሦስት ክፍል ከፍላችሁ ፊልሞቹን አዟዙሩ፤ እያንዳንዱ ፊልም አንድ ጊዜ መጀመሪያ፣ አንድ ጊዜ መካከል፣ አንድ ጊዜ መጨረሻ ይታይ። ፊልሞቹ 90 ደቂቃ አካባቢ ከሆኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምራችሁ፣ ምሳ ጨምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትጨርሳላችሁ።

ወሩን በደንብ አስቡበት። ኅዳርና ታኅሣሥ ከገጠር የሚመጡት ተማሪዎች አጨዳና ውቂያ ላይ ናቸው። ሰኔ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ንግግሩ አይሰማም፤ ያን ጊዜ የሚሸነፈው ዝግ ብሎ የሚናገረው ፊልም ነው። የካቲት ይሻላል። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ፤ ስፒከሩ ከሸራው አጠገብ ይሁን። መብራት በድንገት ሲጠፋ የፕሮጀክተሩ ማቀዝቀዣ ስለሚቆም አምፖሉ ይጎዳል፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ መሣሪያ) ካላችሁ በእሱ አገናኙት። የተቋረጠበትን ደቂቃ መዝግባችሁ ከዚያው ቀጥሉ። መቋረጡ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ፊልሙን ሌላ ቀን ከመጀመሪያው አሳዩ፤ የተቆራረጠ ፊልም ነጥቡ ይወርዳል፣ ጥፋቱም የፊልሙ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጆቹ የሚያስቃቸውን ብቻ ይመርጣሉ ብዬ እሰጋለሁ። የመምህራን ድምፅ ግማሹን ቢይዝስ? (መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አይያዝ፤ ሽልማቱ የልጆች መሆኑ ያከትማል። የእርስዎ ሥራ ከምርጫው በፊት ነው፤ ለዕድሜያቸው የማይሆነውን ማስቀረት፣ ከሦስቱ ዕጩዎች ሁለቱ ቀልድ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ። ዝርዝሩ ከተለጠፈ በኋላ ስለ ፊልሞቹ አስተያየት አይስጡ፤ ቆጠራውን ግን ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሆነው ይታዘቡ። ኮሜዲ ቢያሸንፍም ቅር አይበልዎ፣ ሦስት መቶ ልጅ አንድ ቦታ ላይ እኩል ማሳቅ ትልቅ ሙያ ነው።

ጥያቄ፦ በፍላሽ የያዝነውን ፊልም በአዳራሽ ማሳየት እንችላለን? (ከቡሬ)

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አትችሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሕዝብ የማሳየትን መብት ለባለመብቱ ይሰጣል፤ ከዩቲዩብ የወረደም ቢሆን ያው ነው። ለፕሮዲውሰሩ ቀኑን፣ ቦታውንና የተመልካቹን ብዛት፣ መግቢያ እንደማይከፈልም ጠቅሳችሁ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዳቤ ጻፉ። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ፤ ከሦስቱ አንዱ ቢከለከል ምትክ የምትፈልጉበት ጊዜ ይኖራችኋል።