«አያመውም» ያልከው ነው ያስደነገጠኝ፦ ስለ ፊትና ዓይን ጥቁር ቁስል ጥያቄና መልስ

ደሴ ላይ በነርስነት ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ ፊትና ዓይን ቁስል ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እንሆ መልሱ።

ከባቲ፦ ወንድሜ የታመመች ፍየል አርዶ ገፈፈ። በአራተኛው ቀን የዓይኑ ቆብ አበጠ፣ መሃሉ ጠቆረ። ግን አያመውም። ምች ነው?

«አያመውም» ያልከው ነው ያስደነገጠኝ። ምች ቢሆን ያቃጥለው ነበር። ይሄ አባ ሰንጋ ይመስላል። ጀርሙ በታመመ ከብት ደምና ቆዳ በኩል ይመጣል፤ ለመግባት ትንሽ ጭረት ትበቃዋለች። በዚያው እጁ ዓይኑን አሽቶ ይሆናል። መጀመሪያ የምታሳክክ እባጭ ናት። ከዚያ ውሃ ትቋጥራለች፣ ቀጥሎ መሃሏ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ቁስሏ ትንሽ ናት፤ እብጠቱ ግን ግማሽ ፊት ይይዛል።

ዛሬውኑ ይሂድ። የፍየሏንም ነገር ለሐኪሙ ይንገረው፣ እንዳያፍር። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል። ካልታከመ ግን ከ100 ሰው ከ10 እስከ 20 ይገድላል። ቁስሉን አታፍርጡ፣ ቅርፊቱንም አትላጡ። ሥጋው አይበላ፣ ቆዳውም ለሰኞ ገበያ አይውጣ! ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ፤ ጀርሙ አፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል።

እሱው፦ ከዳነ በኋላ ዓይኑስ ያያል?

ብዙ ጊዜ ዓይኑ ራሱ ይተርፋል። ችግሩ ጠባሳው ነው። ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውጭ ይገለብጠዋል፤ ተኝቶ እንኳ ዓይኑ አልከደን ይላል። ከዚያ ይደርቃል፣ ይቆስላል። ስለዚህ ቁስሉ ዳነ ብላችሁ ክትትሉን እንዳታቋርጡ። ካስፈለገ ቆዳ ተወስዶ ይለጠፍለታል።

ከወልዲያ፦ የ3 ዓመት ልጄ ኩፍኝ ከያዛት ወዲህ ድዷ ይደማል፣ አፏ ይሸታል፣ አሁን ጉንጯ አበጠ። ጎረቤት ጥርስ ነው ይላል።

እህቴ፣ በ3 ዓመቷ የወተት ጥርሷን አብቅላ ጨርሳለች። ይዘሻት ሂጂ። ኖማ የሚባል ሕመም አለ፤ ብርቅ ነው፣ ግን ጨካኝ ነው። ከድድ ይነሳና በቀናት ውስጥ ጉንጭን ይበሳል፤ አንዳንዴ እስከ ዓይን ሥር ይደርሳል። ይበልጥ የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው፤ ምግብ ያጠራቸውን፣ ኩፍኝ ወይም ወባ ያደከማቸውን። ካልታከመ እስከ 90 በመቶ ይገድላል። አሁን ባለችበት ደረጃ ግን አንቲባዮቲክ፣ የአፍ መጉመጥመጫና ጥሩ ምግብ ሊያድናት ይችላል። አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው ገና በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ቸል የተባለውስ የድሃ ልጅ በሽታ ስለሆነ አይደል?

ከኮምቦልቻ፦ ስኳር አለብኝ። «ጥቁር ፈንገስ» ሲሉ ሰማሁ። ልፍራ?

ጋሼ፣ ስኳርዎን ከተቆጣጠሩ ብዙም አይፍሩ። ከአፍንጫ ተነስቶ ወደ ዓይን የሚዘልቅ የፈንገስ ሕመም ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ህንድን ያመሰው እሱ ነው። የፊትዎ አንድ ጎን ካመመዎ፣ ከአፍንጫዎ ጥቁር ነገር ከወጣ ወይም አንዱ ሁለት ሆኖ ከታየዎ ግን ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከሐይቅ፦ ዳማከሴ ብንጨምቅበትስ?

እኔም በአያቴ ዳማከሴ ነው ያደግኩት፣ አልጣላውም። ዓይን ላይ ግን ምንም ቅጠል አይጨመቅ። ጠበሉም ዱዓውም ከመድኃኒቱ ጋር ይሄዳል።

የባቲው፦ መኪና ይዘን ወጥተናል። ቁስሉን በምን እንሸፍነው?

ጎሽ! በንጹሕ ጨርቅ፣ ላላ አድርገህ። እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ጨርቁን ኋላ አቃጥለው።