የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዱቄት መልሶ ጤፍ ባይሆንም

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ "ጤፍ መፍጨት ኬሚካዊ ለውጥ ነው" ብላ መልሳ ኤክስ ተደረገባት። ደብተሯን ሳየው "ፊዚካዊ ለውጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ኬሚካዊ ለውጥ አይመለስም" ተብሎ ተጽፏል። ዱቄት መልሶ ጤፍ አይሆንም። ታዲያ የልጄ ስህተት ምኑ ላይ ነው? (እናት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ልጅዎ ደብተሯ ላይ ያለውን ደንብ በትክክል ተከትላለች፤ ጉድለቱ ያለው ደንቡ ላይ ነው። መመለስና አለመመለስ ፍንጭ ቢሆን እንጂ መለያ አይሆንም። መጠየቅ ያለባት አንድ ነገር ነው፦ ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ነገር ተፈጥሯል ወይስ ያው ነገር መልኩን ብቻ ቀይሯል? ወፍጮ ቤት ገብቶ የወጣው ጤፍ ስታርቹም፣ ፕሮቲኑም፣ ብረቱም እንዳለ ነው፤ የደቀቀው ፍሬው ብቻ ነው። ስለዚህ ባይመለስም ፊዚካዊ ነው።

ዱቄቱ ከእርሾ ጋር ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ስኳሩን ወደ አሲድና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ያ ኮምጣጣ ጣዕም ዱቄቱ ውስጥ አልነበረም፤ አዲስ የመጣ ነውና ለውጡ ኬሚካዊ ነው። እዚያው ቡሃቃ ውስጥ ሊጡ ወደ ታች ዘቅጦ ውሃው ከላይ ሲጠልል ደግሞ ፊዚካዊ ነው። አንድ ዕቃ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚደናገሩትም እዚህ ላይ ነው።

ኬሚካዊ ሆኖ የሚመለስ ለውጥም አለ፤ ቤት ውስጥ ልታዩት ትችላላችሁ። ያለ ስኳር የፈላ፣ ወፈር ያለ ሻይ በብርጭቆ ይቅዱና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩበት። ጥቁር ቀይ የነበረው ወዲያው ወደ ቢጫነት ይሳሳል። ከዚያ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርገው ቤኪንግ ሶዳ ይነስንሱበት፤ አረፋ ይወጣና ጥቁረቱ ይመለሳል። ለሻዩ ቀለም የሚሰጡት ሞለኪውሎች በአሲዱ ተለውጠው ሶዳው አሲዱን ሲያጠፋው ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመለሱ ማለት ነው። ሶዳው ከበዛ ሻዩ ከመጀመሪያውም ይበልጥ ይጠቁራልና በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደር ግን አይሆንም፤ በውስጡ የራሱ አሲድ ስላለው ውጤቱን ያደበዝዘዋል። ሲጨርሱ ይድፉት።

አረፋ ሁሉ የኬሚካዊ ለውጥ ማስረጃ እንዳይመስላት ደግሞ ጀበናውን ያሳዩአት። የሚንተከተከው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል እንጂ ከውሃነቱ አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ጧፍ ሲበራ ሰሙ ይቀልጣል፤ እየነደደም ያልቃል። ለውጡን የትኛው ውስጥ ልመድበው? (የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሞጣ)

መልስ፦ ሁለቱም አሉበት፤ ቦታቸው ግን ይለያያል። ከነበልባሉ ሥር የሚያብረቀርቀው ፈሳሽ የቀለጠ ሰም ነው። ንጹሕ የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይቀልጣል። እንደ ሞጣ ባለ ደጋ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ፍቅፋቂ ሰም በጣሳ አድርገህ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጠው ሳይቃጠል ይቀልጥልሃል። 20 ግራም ከነበረ ሲረጋም 20 ግራም ነው። ይህ ፊዚካዊ ለውጥ ነው።

ነበልባሉ ጋ ስትደርስ ግን ሰሙ ተንኖ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይነድዳል። በዓይንህ ለማየት አንድ ብርጭቆ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀህ በጨርቅ እስኪደርቅ ጥረገው፤ ከዚያ ደፍተህ ከነበልባሉ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርገህ ለአምስት ሰከንድ ያዘው። ውስጡ እንደ ጤዛ ያለ እርጥበት ይይዛል። ውሃው ሰሙ ውስጥ ተደብቆ የቆየ እንዳይመስልህ፤ የሰሙ ሃይድሮጂን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ያኔ የተፈጠረ ነው። ማንኪያ ብጫው ነበልባል ውስጥ ብታስገባ ደግሞ ጥላሸት ይይዛል፤ ያም ሳይነድ የቀረ ካርቦን ነው። ጤዛው እምቢ ካለህ ብርጭቆው ሞቆ ይሆናል፤ በደንብ ካልደረቀ ደግሞ የራሱ እርጥበት ያሳስትሃል። ብርጭቆውን ብዙ አታቆየው፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሙከራውንም ትልቅ ሰው ባለበት ሥራው። ፈተና ላይ "የሰም መቅለጥ" ካለህ ፊዚካዊ፣ "የጧፍ መንደድ" ካለህ ኬሚካዊ በል።

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ የገዛሁት ነጭ ማር ጥር ሳይወጣ እንደ ቅቤ ጠጠረ። ስኳር ተቀላቅሎበት ይሆን? እሳት ላይ ባሞቀውስ? (ከቡሬ)

መልስ፦ መርጋቱ ብቻውን ስኳር ለመቀላቀሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ማር ውስጥ ካሉት ሁለት ዋና ስኳሮች አንደኛው ግሉኮስ ነው፤ ማሩ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ሲሆን፣ በተለይ በብርድ፣ እየተለየ ይጠጥራል። ኑግ የቀሰመች ንብ ማር ደግሞ ቶሎ ይረጋል። አዲስ ነገር አልተፈጠረምና ለውጡ ፊዚካዊ ነው።

ለማቅለጥ ዕቃውን እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ፣ 40 ዲግሪ ግድም፣ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ እየቀየሩ ማሩን ያማስሉ። ሰዓታት ይፈጃል፤ አይቸኩሉ። በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዱት ከሥሩ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፤ ያን ጊዜ ለውጡ ኬሚካዊ ሆኗልና መልሰው አያገኙትም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ግሉኮሱ ሲጠጥር ውሃውን ለቀሪው ፈሳሽ ይተውለታል፤ ከላይ የሚቋጥረው ቀጭን ማር ውሃ የበዛበት ነው። እርሾ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። አረፋ ካዩ ወይም ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከሸተተዎት መብላላት ጀምሯል፤ ለጠጅ ያውሉት። ገና ካልጀመረ ሁሉንም አቅልጠው አንድ ላይ ያዋሕዱት፣ በደረቅ ዕቃ ገልብጠው አፉን ጥብቅ አድርገው ይክደኑት፤ ማርም ሲያወጡ እርጥብ ማንኪያ አያስገቡበት።