የበግ ጎድን በኮክ ሶስ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጎረቤቶቻችን በየዓመቱ ለሌበር ዴይ፣ በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ለሚውለው የአሜሪካ የሠራተኞች በዓል፣ ባርቢኪው ያዘጋጃሉ። የአሳማ ጎድን ጠብሰው ጣፋጭ ሶስ ይቀቡታል። አሳማ እኛ ቤት አይገባም፤ ልጆቼን ግን ሽታው ያስጎመጃቸዋል። አምና በበግ ጎድን ሞከርኩት። በጥሬ አናናስ ጭማቂ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ሥጋው ላመ፣ ሶሱም አርሮ ከሰል መሰለ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በግ መምረጥሽ ጥሩ ነው። የበግ ጎድን እንደ አሳማው ስብ አለው፤ ቀስ ብሎ ሲበስል አይደርቅም። ቀኑም ተመችቶሻል፤ ፍልሰታ ተፈትቷል፣ ሰኞም ነው።

ሥጋውን ያበላሸው አናናሱ ነው። ጥሬ አናናስ ውስጥ ብሮሜሊን የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የሥጋን ፕሮቲን ይሰባብራል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ ማለት ነው። ጥሬ ፓፓያም እንደዚሁ ነው። ፍራፍሬው ከተቀቀለ ግን ኢንዛይሙ ይሞታል። ስለዚህ ፍራፍሬውን ለሶሱ ተዪው። ሥጋው ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ተቀብቶ ፍሪጅ ይደር። ከዚያ በፊት ግን በአጥንቱ በኩል ያለውን ስስ ነጭ ሽፋን ግፈፊው። ጫፉን በቢላ አንሺና በወረቀት ፎጣ ይዘሽ ሳቢው። ካልተገፈፈ እንደ ጅማት ይታኘካል።

በዚህ ወቅት እኔ የምመርጠው ኮክ ነው። ገበያው ላይ ገና አለ፣ በደንብም በስሏል። ሦስት ትልልቅ ኮክ ልጪና ፍሬውን አውጪ። አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት በዘይት አቁላይ። ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጨምሪ። ከዚያ ኮኩን፣ ሩብ ኩባያ አቼቶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርና ጨው። 20 ደቂቃ ይንተክተክና ፍጪው። መጨረሻ ላይ ቆንጠር አድርገሽ ኮረሪማ። ኮክና ኮረሪማ እንዴት እንደሚስማሙ ቀምሰሽ እይው! አቼቶውን ግን አትቀንሺ፤ የበግ ስብ ኮምጣጣ ይፈልጋል።

አሁን እሳቱ። ከሰሉን ግሪሉ ውስጥ ወደ አንድ ጎን ሰብስቢው፤ ሥጋው በሌላው ጎን ይሁን፣ አጥንቱ ወደታች። ስቡ ፍሙ ላይ ከተንጠባጠበ ነበልባል ይነሳል። ክዳኑን ዝጊ። ሙቀቱ 250 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ይቆይ። ሦስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ጎድን የሚለሰልሰው በጉልበት አይደለም፤ አጥንቱን የያዘው ጅማት ቀስ እያለ መቅለጥ አለበት። ሥጋው ከአጥንቱ ጫፍ ሲሸሽ፣ መሃሉን ይዘሽ ስታነሺው ላዩ ሰንጠቅ ሲል፣ ደርሷል።

ሶሱ ያረረብሽ ከመጀመሪያው ቀብተሽው ይመስለኛል። የፍራፍሬና የማር ስኳር ቶሎ ያራል። መጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ላይ ብቻ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ደረቅ ሲል አንዴ ድገሚው። አውርደሽም 10 ደቂቃ ይረፍ።

ከሶሱ ጥቂት ለብቻው አስቀሪ። በሳህን አድርገሽ ለጎረቤቶችሽም ውሰጂላቸው፤ ለአሳማውም ይሆናል።