አባቴ ከማዶ ተመለሰ፣ እኔ ግን አልተቀበልኩትም

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂዋ 34 ዓመቷ ነው። አባቷ በባድመው ጦርነት፣ በ1991፣ ከግንባር ጠፍቶ ወደ ኤርትራ ተሻገረ። ቤተሰቡ ሞተ ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ፣ ሰደቃም አወጣ። መስከረም 2011 የዛላምበሳ መንገድ ሲከፈት ሰውየው መጣ። እዚያ ሚስትና ልጅ እንዳለው የተናገረው ግን ዘንድሮ ነው። «ቡና ስሰጠው በትግርኛ ‹የቐንየለይ› (አመሰግናለሁ) ይለኛል፤ እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ ትወጣለች። ለምን ጥለኸን ሄድክ ስለው ዝም። ይቅር ልበለው ወይስ ይውጣልኝ?»

እህቴ፣ ንዴትሽ ልክ ነው። አልቅሰሽ የቀበርሽው ሰው ዛሬ አጠገብሽ ቡና ይጠጣል። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ባለሙያ ያልለየለትን ሐዘን ስታጠና ሁለት ዓይነት አድርጋ ታየዋለች፤ አንዱ ሰውየው በአካል ጠፍቶ በልብ ያለበት ነው፣ ሌላው በአካል እያለ ልቡ የሌለበት። አንቺ ሁለቱንም አየሽ። ያውም ከአንድ ሰው።

ቻርልስ ጄንኪንስ የሚባል አሜሪካዊ ሳጅን እ.ኤ.አ. በ1965፣ በ24 ዓመቱ፣ ቬትናም እንዳይልኩት ፈርቶ ቢራ ጠጥቶ ወደ ሰሜን ኮሪያ ተሻገረ። ቶሎ የሚመለስ መስሎት ነበር፤ 39 ዓመት ቀረ። እዚያ ያገባት ሂቶሚ ሶጋ ከጃፓን ታፍና የተወሰደች ሴት ናት። ማታ ሲተኙ እሱ በጃፓንኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ደህና እደር፣ ደህና እደሪ ይባባሉ ነበር፤ ከየት እንደመጡ እንዳይረሱ። በ2004 ሲወጣ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፣ 30 ቀን ተፈረደበት።

ይህን የማነሳው አባትሽን ነፃ ላወጣው አይደለም። ግን «የቐንየለይ»ን እናትሽን ለማናደድ ያመጣት አይመስለኝም። ምናልባት ማዶ ለቀረው ልጁ በቀን አስሬ ይላት የነበረች ቃል ናት፤ መንገዱ ደግሞ በወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋበት። ያን ጊዜ እናንተን አጣ፣ አሁን እነሱን። ጥፋቱ የራሱ ቢሆንም ሐዘኑ ሐዘን ነው።

ስለዚህ «ለምን»ን ለጊዜው ተይው። ለምን ስትይው ዳኛ ፊት እንደቆመ ወታደር ይሆንብሻል። ስለ ኑሮው ጠይቂው፤ ጠዋት ምን ይበላ ነበር፣ ምን ይሠራ ነበር፣ ልጁን ማን ብሎ ይጠራዋል። ስሙን ስትሰሚ ያምሻል። ካመመሽ ተነሺና ውጪ፣ ሌላ ቀን ትቀጥላላችሁ። ቀጥሎ የአንቺን ንገሪው፦ የለቅሶውን ቀን፣ ሰደቃው ላይ ማን እንደመጣ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ የት ጥግ ተቀምጠሽ እንደነበር። ይህን ሳይሰማ ይቅርታ ቢጠይቅሽ እሺ አትበይ። ይውጣ የሚለውንም እስከዚያ አትወስኚ።

እናትሽን ግን ለማስታረቅ አትሩጪ። ባሌ ሞተ ብላ ኢዳዋን፣ ማለትም ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን ጊዜ፣ የጨረሰች ሴት ናት፤ አብሬው አልቀመጥም ካለች መብቷ ነው። አቦሉን ለሷ ለብቻዋ ጀባ በያት፣ እሱ በቶናው ይምጣ።