ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ሌብሉ የት እንደሚሞት ፈልጉ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የሌብል ማተሚያ ቤት አላችሁ። ኢንሌይ ከውጭ አስመጥታችሁ ስማርት ሌብል (ውስጡ ቺፕ ያለው፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ ሌብል) መሥራት ጀምራችኋል። ከ100 ሌብል 9 ያህሉ አይነበብም፣ ሥራውም ይጓተታል። ሁለተኛ ማሽን እንግዛ ወይስ ቺፑንም ራሳችን መግጠም እንጀምር ነው ያልሽው።

እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት ይህንኑ ሥራ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አሁን ያላችሁበት ቦታ እኛም ነበርን። ምክሬ፣ ለጊዜው ማሽኑን ተዉት። መጀመሪያ ሌብሉ የት ላይ እንደሚሞት እወቁ።

ሥራውን ለማያውቁት አባላት በአጭሩ ላስረዳ። ኢንሌይ ማለት ስስ ፕላስቲክ ላይ የተሠራ የአልሙኒየም አንቴና ነው። መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያላት ቺፕ ተለጥፋለች። ባትሪ የለውም፣ ኃይሉን የሚያገኘው ከሪደሩ፣ ማለትም ቺፑን ከሚያነበው መሣሪያ፣ ሞገድ ነው። የእኛ ሥራ ኢንሌዩን በሌብሉ ወረቀትና በሚላጠው መደገፊያ መሃል ማስገባት፣ ቅርጹን መቁረጥ፣ ማተም፣ ከዚያ ቁጥሩን ቺፑ ላይ መጻፍ ነው።

እኛ መጀመሪያ የምንፈትሸው መጨረሻ ላይ ብቻ ነበር። ሮሉ አልቆ፣ ተቆርጦ፣ ታትሞ ካበቃ በኋላ። ያኔ ሌብሉ ሞቶ ሲገኝ ማን እንደገደለው አይታወቅም። ኦፕሬተሩ ዕቃው ነው ይላል። አስመጪው አያያዛችሁ ነው ይላል። ጭቅጭቁ ከሥራው በላይ አደከመን።

ከዚያ ሦስት ቦታ ላይ ፈተሻ አደረግን። አንዱን ኢንሌዩ ከሮሉ ሲፈታ፣ ሁለተኛውን ከወረቀቱ ጋር ከተጣበቀ በኋላ፣ ሦስተኛውን ከተቆረጠ በኋላ። ትልቅ ነገር አይደለም፣ ትናንሽ ሪደሮችና አንድ ላፕቶፕ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ታየን። ሲመጣ የሞተው ከ1,000 አራትና አምስት ቢሆን ነው። ብዙው የሚሞተው ከማጣበቂያው ሮለር በኋላ ነበር። ሁለተኛ ማሽን ገዝተን ቢሆን ኖሮ ብልሽቱን በሁለት ማሽን እናመርተው ነበር።

የሞቱትን አንድ በአንድ ልጠን በማጉያ መነጽር አየናቸው። ቺፕዋ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። ወረቀቱ ላይ ቺፕዋ ያለችበት ቦታ በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ጉብ ብሎ ይሰማል። ሮለሩ ወርዱን ሙሉ እኩል ሲጫን፣ ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው እዚያች ጉብታ ላይ ነው። ቺፕዋ ደግሞ እንደ መስታወት ናት፣ አትታጠፍም፣ ትሰበራለች። መፍትሔው በጣም ቀላል ሆነ። የጎማ ሮለሩን ቺፕዋ በምታልፍበት መስመር ላይ ብቻ ቶርኖ ቤት ወስደን ስስ ቦይ አስወጣንለት። ጫናውንም ቀነስን። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ የኢንሌይ ዓይነት በቀየራችሁ ቁጥር ቺፕዋ በቦዩ መስመር መሆኗን አረጋግጡ። ቦታዋ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል።

መጠቅለያውም እንደዚሁ ነው። በጠባብ የካርቶን ቱቦ ላይ አጥብቆ መጠቅለል ቺፕዋን ያጎብጣታል። እኛ ስፋቱ ከ76 ሚሊሜትር ባነሰ ቱቦ ላይ አንጠቀልልም።

ሮለሩን ካስተካከልን በኋላ ብልሽቱ ወረደ። ኅዳር ላይ ግን እንደገና ወጣ። ይህኛው ብዙ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ምክንያቱም በማጉያ ስታዪው ቺፕዋ ምንም አልሆነችም። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ማሽኑ አጠገብ ቆሜ መደገፊያው ሲላጥ ሰማሁት። ጠጠጠ ይላል፣ ፈንዲሻ እሳት ላይ እንደሚንጣጣው። እጄን ጠጋ ሳደርግ የክንዴ ፀጉር ቆመ። የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ነው! ሪደሩ በዚያች ደቂቃ ሦስት ተከታታይ ሌብል ዘለለ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው። ፕላስቲክና ወረቀት ሲፋተጉና ሲላቀቁ ቻርጅ ያጠራቅማሉ፣ ደረቅ አየር ደግሞ አያወርደውም። እኛን ጣታችን ላይ ለመንዘር ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ያስፈልገዋል። ቺፕዋ ግን ከዚያ ባነሰም ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ እኛ ምንም ሳይሰማን እሷ ትሞታለች ማለት ነው።

ያደረግነው ይህ ነው። የአየር እርጥበት መለኪያ ገዝተን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። ከ40 በመቶ በታች ሲወርድ እርጥበት መንፊያውን እንከፍታለን፣ ወለሉን በውኃ እንወለውላለን። መደገፊያው በሚላጥበትና በሚጠቀለልበት ቦታ ላይ ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ የመዳብ ክር ዘረጋን። የመሬት ሽቦውን ነገር ግን በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስለኩት። የእኛ ሕንፃ አሮጌ ነው። ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ አለው፣ ከኋላው ግን ሽቦ አልነበረም። ለስንት ጊዜ ግራውንድ አለን ብለን ተቀምጠን ነበር። ጓሮ ዘንግ አስቀብረን አዲስ መስመር ካመጣን በኋላ ነው ነገሩ የረጋው።

ወደ መጓተቱ ልምጣ። ከጻፍሽው እንደተረዳሁት ሌብሉን አንድ ማሽን ላይ አትማችሁ፣ ቁጥሩን በኋላ ጠረጴዛ ላይ በሪደር አንድ በአንድ ትጽፋላችሁ። ጊዜያችሁን የሚበላው ይሄ ነው። አደገኛም ነው። አንድ ሌብል ከተዘለለ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የታተመው ባርኮድና ቺፑ ውስጥ ያለው ቁጥር ሳይገናኝ ይቀራል። እኛ ለአንድ ደንበኛ ሙሉ ሮል እንደዚያ ሆኖብን ሁሉንም ደግመን ሠርተናል፣ በሌሊት። አሁን እየጻፈ የሚያትም ፕሪንተር ነው የምንጠቀመው። ቺፑ ካልተቀበለ ሌብሉን ሰርዞ ያልፍና ያንኑ ቁጥር ለሚቀጥለው ይሰጣል። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ለዚህ አውጡት።

ሪደሩ ጎረቤቱንም እንዳያነብ ኃይሉን ዝቅ አድርጉት። ኃይሉ ከበዛ የሞተውን ሌብል ትቶ ቀጥሎ ያለውን ያነብና ደህና ነው ይላችኋል። ዝቅ ያለ ኃይል ሌላም ጥቅም አለው። ከቅርብ የሚነበብ ነገር ግን ሦስት ሜትር ላይ የሚጠፋ ደካማ ሌብል አለ። ደንበኛ የሚያማርረው በእሱ ነው። በዝቅተኛ ኃይል ስትፈትሹ ደካማው ራሱን ያጋልጣል።

ደንበኛ ብርማ ወረቀት ካለ ደግሞ ቆም በሉ። የብረት ሽፋን ካለው አንቴናውን ያፍነዋል። እኛ ሳንሞክር አንድ ሮል ሠርተን አንዱም አልተነበበም። አሁን አዲስ ወረቀት ወይም አዲስ ሙጫ ሲመጣ 20 ሌብል ሠርተን፣ ደንበኛው በሚለጥፍበት ዕቃ ላይ ለጥፈን ካላየን ሥራ አንጀምርም። ጨርቅ ላይ ጎበዝ የሆነ ሌብል ውኃ ጠርሙስ ላይ ዝም ሊል ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ በድንገት ይቆማል፣ ሮሉም ይላላል። ሲመለስ መስመሩ ስለሚዛባ ዳዩ (ቅርጹን የሚቆርጠው ቢላ) አንቴናውን ይቆርጠዋል። ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሜትሮች ያለ ክርክር ጣሉ።

ቺፑን ራሳችን እንግጠም ወይ ላልሽው፣ እኔ አሁን አይሆንም ነው የምለው። ቺፕዋን ገልብጦ አንቴናው ላይ በትክክል የሚያስቀምጥ፣ ልዩ ሙጫውን ወደ 180 ዲግሪ አካባቢ በጥቂት ሰከንድ ጫና የሚያደርቅ መስመር ይፈልጋል። እንደ ጀርመኑ ሙልባወር ያሉ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ነው። እንዲህ ያለ መስመር የሚያዋጣው በሚሊዮኖች ስታመርቱ ነው። በዚያ ላይ ንጹሕ ክፍልና የማይቆራረጥ መብራት ይጠይቃል።

ነገ ጠዋት ከሞቱት ውስጥ 50 ያህሉን ልጣችሁ በማጉያ እዩዋቸው። ስንጥቅ ካለ ሮለሩ ነው። ስንጥቅ ከሌለ መጀመሪያ የመሬት ሽቦውን አስለኩ። የሮለሩን ፎቶና የኢንሌዩን ወርድ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ ቦዩ የት ላይ ቢወጣ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።