«ለልጄ ንጹህ ፊልም ምረጡልኝ»

ጥያቄ፦ «የምኖረው ስቶክሆልም ነው። የ12 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ስለ ድሮ የስካንዲኔቪያ አማልክት እየተማሩ ነው። ኦዲን፣ ቶር፣ ሎኪ የሚባሉ። አስተማሪያቸው አንድ ፊልም መርጣችሁ እዩና ክፍል ውስጥ ካነበብነው ታሪክ ጋር አወዳድሩ ብላቸዋለች። በክርስትና ያሳደግኩት ልጅ ባዕድ አምላክ ሲያይ እንዲያመሽ አልፈልግም። ባለቤቴ ግን ‹ተይው፣ ፊልም ነው› ይላል። ባለፈው የማታ ፈረቃ ጨርሼ ስገባ ሁለቱ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቶር የሚባለውን ፊልም እያዩ ይስቃሉ። ስገባ ዝም አሉ። አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ከባለቤቴ ጋር በደንብ አንነጋገርም። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ከግብር ቢሮና ከቤት አከራዩ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነብልኝ እሱ ነው። አሁን ግን ክፍሉን ዘግቶ፣ ሄድፎኑን አድርጎ ነው የሚውለው። ስድብ፣ ግድያና ጥንቆላ የሌለበት፣ ብቻውን ቢያየውም የማልሰጋበት ፊልም ካለ ዝርዝሩን ላኩልኝ። ባለቤቴንም ምከሩልኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ የፊልሞቹን ስም እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ስጋትሽ ትንሽ ልበል። ባለቤትሽ «ተይው» ብሎ ቢያልፈውም መልስ የሚገባው ስጋት ነው።

ልጅሽ የሚማራቸው ታሪኮች በአብዛኛው የተገኙት አይስላንድ ውስጥ ከተጻፉ ሁለት ጥንታዊ መጻሕፍት ነው። አንዱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1220 አካባቢ ያዘጋጀው ስኖሪ ስቱርሉሶን የሚባል ሰው ነው። ስኖሪ ክርስቲያን ነበር። አይስላንድ ክርስትናን የተቀበለችው በ1000 አካባቢ ስለሆነ፣ አገሩ ከተጠመቀች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። የኦዲንንና የቶርን ታሪክ የመዘገበው ሊያመልካቸው ፈልጎ አይደለም። የድሮው ግጥም ያለ እነዚህ ታሪኮች ስለማይገባ፣ ወጣት ገጣሚዎች እንዲያውቁት ብሎ ነው። የስዊድን የመንግሥት ትምህርት ቤትም ስለ ሃይማኖት ያስተምራል እንጂ ወደ ሃይማኖት አይጠራም፤ ሕጉ አይፈቅድለትም። ልጅሽ ለቶር ሊሰግድ ነው ብዬ አልሰጋም። ጥያቄ ይዞ ከመጣ ደግሞ «እኛ ቤት ይህን አናምንም፣ ታሪኩን ግን መስማት እፈልጋለሁ» ማለት ትችያለሽ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ እውነት መሆን ይችላሉ።

አሁን ወደ ፊልሞቹ። ግድያ የሌለበት ማግኘት ይከብዳል፤ ታሪኩ ራሱ የሚጀምረው በግድያ ነዋ። ኦዲንና ወንድሞቹ ዪሚር የተባለውን ግዙፍ ገድለው ከሥጋው ምድርን፣ ከደሙ ባሕርን፣ ከራስ ቅሉ ሰማይን ሠሩ ይላል። ለልጅሽ ዕድሜ እኔ የምመርጠው በ1986 ዴንማርክ የሠራችውን «ቫልሃላ» የተባለ የካርቱን ፊልም ነው። ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ልጆች ናቸው፤ መነሻ ታሪኩም ከጥንቱ ጽሑፍ የተወሰደ ነው። በዚያው ስም በ2019 የወጣ፣ ተዋንያን የሚጫወቱበት ሌላ ፊልም አለ። እሱ ጨለም ያለ ነው፤ እንዳይምታታብሽ።

ከአባቱ ጋር ሲያዩት የነበረው ማርቭል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሠራቸው ፊልሞች አንዱ ይመስለኛል። የ2011 «ቶር» እና የ2017 «ቶር፦ ራግናሮክ» አሜሪካ ውስጥ «ፒጂ 13» ተብለዋል። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ አጥብቆ ይጠንቀቅ ማለት ነው። ድብድብ ሞልቷቸዋል፤ ቀልዳቸውም አይናቅም። ከጥንቱ ታሪክ ግን በጣም ይለያሉ። ፊልሙ ላይ ሎኪ የቶር የማደጎ ወንድም ነው፤ በጥንቱ ግጥም ግን ከኦዲን ጋር የደም ወንድማማችነት የተማማለ ነው። ፊልሙ ላይ ሄላ የምትባለው የሞት አምላክ የኦዲን ልጅ ናት፤ በጥንቱ ታሪክ የሎኪ ልጅ ናት። አስተማሪዋ አወዳድሩ ካለች፣ ለማወዳደር እንደ እነዚህ የሚመች የለም። የ2022ቱ «ቶር፦ ላቭ ኤንድ ተንደር» ካንሰርና የልጅ ሞት ስላለበት መጀመሪያ እናንተ እዩት። በዚያው ዓመት የወጣው «ዘ ኖርዝማን» የአዋቂ ነው፣ ተዪው። የ2010ሩ «ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን» ለልጅ ጥሩ ፊልም ነው። ግን ስለ ቫይኪንጎችና ስለ ድራጎን እንጂ ስለ አማልክቱ ስላልሆነ ለቤት ሥራው አይሆንም።

ዝርዝሩ ይኸው ነው። ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን የያዘኝ ግን «ብቻውን ቢያየውም» የሚለው ነው።

ስዊድን ሲኒማ ቤት ገብተሽ ከሆነ አይተሽው ይሆናል። ፊልም 7፣ 11 ወይም 15 ተብሎ የዕድሜ ገደብ ይወጣለታል። የ12 ዓመት ልጅ 15 የተባለውን ፊልም ብቻውን ገብቶ ማየት አይችልም። አዋቂ አብሮት ከገባ ግን ይችላል። ፊልሙ ያው ፊልም ነው፤ አንድ ትዕይንት አልተቆረጠለትም። የተለወጠው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። በሥራዬም የማየው ይህንኑ ነው። ልጅ ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ዞር ብሎ የአዋቂ ፊት መፈለግ ነው። ፊቱን ካገኘ ብዙ ነገር ይችላል።

አንቺ የጠየቅሽኝ ግን አጠገቡ ሳትኖሪ የሚያየውን ፊልም ነው። የማታ ፈረቃ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምክንያቱ ድካም ብቻ ግን አይመስለኝም።

«ስገባ ዝም አሉ» ብለሻል። ወዲያው ደግሞ «አጠፋሁት»። በሁለቱ መካከል የተሰማሽን አልጻፍሽውም። እኔ ልገምት። ደክሞሽ ገባሽ። ቤትሽ ውስጥ አንቺ የሌለሽበት ሳቅ አገኘሽ። ፊልሙ በማን ቋንቋ እንደነበር አልነገርሽኝም፤ በእንግሊዝኛም ይሁን በስዊድንኛ፣ ተቀምጠሽ ብትከታተይም ቀልዱ ሊያመልጥሽ ይችላል። ሲያዩሽ ደግሞ ሳቁ ቆመ። በገዛ ቤት እንግዳ መሆን ያማል። ያን ሰዓት ኦዲን ብዙም ትዝ ያለሽ አይመስለኝም።

ይህን የምለው አንድ ነገር ስላየሁ ነው። ልጅሽን ያመሰገንሽበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ የሚያነብልሽ መሆኑን ስትናገሪ። ከአገር ወጥተው በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ የተለመደ ነው። ልጁ ቋንቋውን ቀድሞ ይይዛል፤ ሳይታሰብ የቤቱ አስተርጓሚ ይሆናል። በሙያችን ብዙ የተጠና ጉዳይ ነው፤ ክፉ ነገር ብቻም አይደለም። ልጁ ለቤተሰቡ እንደሚጠቅም ይሰማዋል፣ ሁለቱን ቋንቋዎችም ያለማምደዋል። ግን አስቢው። የኪራይ ማስጠንቀቂያ ሲያነብልሽ ከወረቀቱ ቀና ብሎ የሚያየው የአንቺን ፊት ነው። መጨነቅሽን ያያል። ስዊድንኛ ማወቁ እናቱን የሚያስጨንቅ ወሬ ለማምጣት ይሆንበታል።

በዚያው ቋንቋና በዚያው አገር ያገኘው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የራሱ ነገር። መዶሻው ከእጁ ወጥቶ ተመልሶ የሚመጣለት ቶር። ፌንሪር የሚባለውን ተኩላ ለማሰር ከድመት ኮቴ ድምፅ፣ ከሴት ጢምና ከዓሣ ትንፋሽ የተሠራ ገመድ። ይህን የሰማ የ12 ዓመት ልጅ ለአንድ ሰው ሳይነግር ማደር አይችልም። ለአንቺ ነግሮሽ ያውቃል? ደብዳቤሽ ውስጥ ይህ የለም። ስለ ታሪኩ እሱ ምን እንደሚል አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም።

ስለዚህ ከልጅሽ እጅ የምትቀበይው አንዱን ብቻ ነው። የግብሩን ደብዳቤ ባሰኘሽ ሰዓት ጠርተሽ ታስነብቢዋለሽ። የሚወደውን ይዞ ሳሎን የተቀመጠ ዕለት ግን አጠፋሽበት። በቃል ባያስቀምጠውም የገባው ይመስለኛል፦ የማውቀው ነገር ሲጠቅም ይፈለጋል፣ እኔን ሲያስደስተኝ አይፈለግም። እኔም ብሆን በሬን ዘግቼ ሄድፎኔን አደርግ ነበር።

ለምን እንደሚከብድሽም ይገባኛል። «ና አንብብልኝ» ስትይው አዛዡ አንቺ ነሽ። ስለ ሎኪ ሲነግርሽ ግን አስተማሪው እሱ ነው፣ አንቺ ተማሪ። እኛ እንዲህ አላደግንም። ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገር ያዳምጣል፣ በቃ። ስደት ብዙ ነገር ወስዶብሻል፤ ቢያንስ እናትነቴ ላይ የማውቀው እኔ ልሁን ብትይ አይፈረድብሽም። ግን ልብ በይ። ክብርሽን የሚሸረሽረው የአዋቂ ጭንቀት ላይ ሲሳተፍ እንጂ ሎኪ ማን እንደሆነ ሲያስረዳሽ አይደለም። የወደደውን ነገር እናቱ ቁም ነገር ብላ ስትጠይቀው ደረቱ የሚነፋ ልጅ፣ ነገ የእሷን ነገር ለመስማትም ጆሮ አለው።

እስቲ ከ«ቫልሃላ» መነሻ ጀምሪ። ቶርና ሎኪ አንድ ድሃ ገበሬ ቤት ያድራሉ። ቶር የራሱን ፍየሎች አርዶ ቤተሰቡን ያበላል፤ አጥንት እንዳትሰብሩ ብሎ ያስጠነቅቃል። ልጁ መቅኒው አምሮት አንዱን ይሰብራል። ጠዋት ቶር ፍየሎቹን በመዶሻው ባርኮ ሲያስነሳ አንዱ ያነክሳል። ወላጆቹ በቁጣው ተንቀጥቅጠው ልጆቻቸውን ይሰጡታል። ልጆቹም ከቤታቸው ወጥተው ወደ አማልክቱ አገር ይሄዳሉ። ይህን ታሪክ ሳስብ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ኃይለኛው ልጄን ይዞብኝ ሄደ የሚለውን ፍርሃት ስደተኛ ወላጅ በደንብ ያውቀዋል። ፊልሙ ሲያልቅ «ልጆቹ ቤታቸው የናፈቃቸው ይመስልሃል?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱ ስለ ቶር ብቻ ላይሆን ይችላል።

አንቺም ባዶ እጅሽን አይደለሽም። እሱ ምድርን ስለሚከበው እባብ ሲነግርሽ፣ አንቺ አክሱም ላይ ነግሦ ሕዝቡን ያስገብር ስለነበረው ስለ ዘንዶው አርዌ ንገሪው። አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ ያበላውን ፍየል አስውጦ ገደለው ይባላል። ፍየሏን ይወዳታል።

ባለቤትሽን ምከሩልኝ ብለሻል። ፊልሙ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ማየቱ ትክክል ነበር። ስትገቢ ዝም ማለቱ ግን ትክክል አልነበረም፤ «ነይ ተቀመጪ» ማለት ነበረበት። «ተይው» ብሎ ስጋትሽን መዝጋቱም እንዲሁ። ልጅ ከአንድ ወላጁ ጋር ሆኖ ከሌላው ሲደበቅ ለጊዜው ጨዋታ ይመስላል፣ በኋላ ግን ሸክም ይሆንበታል። ይህን አንቀጽ ብታስነብቢው አልጠላም።

ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ብዙ አይደለም። አንድ የዕረፍት ቀን ምረጪና «ያን ቀን አጥፍቼባችሁ ነበር፤ የት ላይ ነበር የቆመው?» በይው። መጀመሪያ ትከሻውን ነቅንቆ ቢያልፍሽ አይግረምሽ፤ ልጆች በዚህ ዕድሜ ቶሎ አይመለሱም። ታገሺውና ሌላ ቀን ሞክሪ። ፊልሙ መሃል ላይ ስብከት አትጀምሪ። ደብዳቤዎቹን ደግሞ ቀስ በቀስ ከእሱ ላይ አንሺ፤ ባለቤትሽ የሚችለውን ያንብብ፣ ለቢሮ ጉዳይ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ከባለቤትሽ ጋር ያለው ዝምታ ግን በዚህ ገጽ የሚፈታ አይመስለኝም። በአንድ ፊልም የጀመረ አይመስልምና። ስዊድን ውስጥ ኮሙኖች፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደሮች፣ ለሚጠይቃቸው ሰው የቤተሰብ ምክር እንዲያቀርቡ በሕግ ይገደዳሉ፤ ምስጢር አጠባበቃቸውም ጥብቅ ነው። ሁለታችሁ አብራችሁ ብትሄዱ እመርጣለሁ። ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ልጁን ለማስተርጎም ይዛችሁት እንዳትሄዱ።